ቁልቁለቱ ከጂንካ ይጀምራል

እናንተ የመንገድ ሰዎች፣ እናንተም ቤት ሆናችሁ መንገደኛ የምትጠብቁ፣ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ትረካዬ ስለ አንዲት ላንድክሩዘርና በኮፈኗ ሥር ስለተቀመጠ፣ ከክንድ ስላነሰ የብረት ዕቃ ነው። መካኒኮች ፍሬን ማስተር ይሉታል። ሹፌሩንም መካኒኩንም በስም አልጠራቸውም። ጂንካ እንዲህ ያለውን ሹፌርም እንዲህ ያለውን መካኒክም ዓመቱን ሙሉ የምታይ ከተማ ናትና ታሪኩ የብዙዎች ነው፤ እኔ የብዙዎቹን ወደ አንድ አምጥቼ እተርክላችኋለሁ።

በቅድሚያ ግን ቁልቁለቱን ልንገራችሁ። ቁልቁለቱን ያላወቀ ሰው ያ ሁሉ ልፋት ስለምን እንደሆነ አይገባውም።

ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ 1490 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዙሪያዋ የአሪ አገር ነው፤ እንሰት አለ፣ ቡና አለ፣ ዝናብ አለ። የነሪ ወንዝ በአጠገቧ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል የመጣ መኪና 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ይደርስባታል። ወደ ሙርሲ መንደሮች የሚሄድ መንገደኛ ግን ጉዞው እዚህ አያበቃም፤ ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ይወርዳል። የፓርኩ ዝቅተኛ ቦታ 400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቀንሳችሁ ተመልከቱት፤ ወደ 1000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ በአንድ ጠዋት ጥሎ፣ እንሰቱንና ቡናውን ትቶ፣ ግራርና የገንዲ ዝንብ ወዳለበት ቆላ መግባት ነው። በምሥራቅ በኩልም ከቀይ አፈር ወደ ወይጦ የሚወርደው መንገድ አለ። ደቡብ ኦሞ ውስጥ የትም ብትሄዱ ቁልቁለት ይጠብቃችኋል።

ሰው፣ ድንኳን፣ ውኃና ነዳጅ ጭና 3 ቶን የምትመዝን ላንድክሩዘር 1000 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 29 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል። ቁጥሩ ባዶ እንዳይሆንባችሁ ወደ ጓዳ ላምጣው፤ 20 ዲግሪ የሆነን 88 ሊትር ውኃ እስከ 100 ዲግሪ የሚያሞቅ ነው። ከአራት ባለ20 ሊትር ጄሪካን የሚበልጥ ውኃ! ከዚህ ጉልበት የተወሰነውን ነፋሱና መንገዱ ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ ይሸከመዋል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መኪናውን በቁልቁለት የሚለቅ ሹፌር ያን ሁሉ ሙቀት አራቱ እግሮች ላይ ባለው ፍሬን ላይ ይደፋዋል። ይህን የማደርግ ጎበዝ ሹፌር ነኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ እባካችሁ ውረዱለት።

እንግዲህ ወደ ሹፌሩ እንሂድ።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ነው። ማግስቱ ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው፤ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሰው ከዋዜማው ከተማዋን መሙላት ጀምሯል። ሹፌሩ ሁለት እንግዶች ይዞ ከአርባ ምንጭ መጥቷል፤ በነጋታው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ማጎ ሊወርድ ቀጠሮ ይዟል። ከኮንሶ ወዲህ ግን እግሩ አንድ ነገር ሲነግረው ውሏል። ከብት መንገድ ሲያቋርጥ ቆሞ ፍሬኑን ረግጦ ይጠብቃል፤ ፔዳሉ በመጀመሪያ ጠንከር ብሎ ይይዛል፤ ከዚያ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ ከእግሩ ሥር ይሰምጣል። ለቅቆ እንደገና ሲረግጥ ይመለሳል። ኮፈኑን ከፍቶ የዘይቱን ዕቃ ቢያይ ሙሉ ነው። «ዘይቱ ካልጎደለ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ ራሱን አጽናንቶ ጂንካ ገባ። ይህ ማጽናኛ ስንቱን ሰው ገደል እንዳስገባ ማን ይቁጠረው! የእኛ ሰው ግን እንግዶቹን ሆቴል አውርዶ፣ ከእራቱ በፊት ጋራዥ ሄደ።

«ጋሼ፣ ፔዳሉ ይሰምጥብኛል። ዘይቱ ግን ሙሉ ነው፤ ጠብታ አልጎደለም።»

ጋሼ የተባሉት መካኒክ ሽበት ያላቸው፣ የእጃቸው ጥቁረት በሳሙና የማይለቅ ሰው ናቸው። መልስ አልሰጡም። መጀመሪያ አራቱንም እግሮች ዞረው ከውስጥ በኩል በባትሪ መብራት አዩ፤ ደረቅ ነው። ቱቦዎቹን አዩ፤ ደረቅ ናቸው። ከዚያ ወደ መስኮቱ መጡ።

«ሞተሩን አስነሳና ርገጥ፤ በኃይል አይደለም፣ በእርጋታ። አትልቀቅ። እስክልህ ያዝ።»

ያዘ። ፔዳሉ ወረደ፤ ወለሉ ላይ አረፈ።

«ውጭ አላፈሰሰም ማለት አልጠፋም ማለት አይደለም፤ ውስጥ ለውስጥ እያመለጠ ነው» አሉ ጋሼ። «ማስተሩ ነው የሄደው፣ ልጄ።»

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ፍሬን ማስተሩ በሹፌሩ በኩል፣ ሞተሩ ካለበት ክፍል የኋላ ግድግዳ ላይ፣ ሰርቮ ከሚባለው ክብ ቆርቆሮ ፊት ታስሮ ይቀመጣል። ከላዩ የዘይት ዕቃ አለ። ሹፌሩ ሲረግጥ አንድ ዘንግ ወደ ፊት ይገፋል፤ ሰርቮው ለእግሩ ኃይል ይጨምርለታል፤ ዘንጉም በሲሊንደሩ ውስጥ ተከታትለው የተቀመጡ ሁለት ፒስተኖችን ይነዳል። በፒስተኖቹ ላይ ጎሚኒ የሚባሉ የጎማ ማሸጊያዎች አሉ። ጎሚኒው ከላይ ካለው ዕቃ ዘይት የምታስገባዋን ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ፣ ከፊቱ ያለው ዘይት ወደ ኋላ መመለሻ ያጣል። ዘይት ደግሞ ተጨምቆ አያንስም፤ የተቀበለውን ግፊት በቱቦው እስከ እግሮቹ ያደርሳል። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስረዳው ሕግ ነው። ሹፌሩ እግሩን ሲያነሳ ሞላው ፒስተኑን ይመልሰዋል፤ ቀዳዳዋ ትከፈታለች፤ ግፊቱ ይወርዳል። ይህችን ቀዳዳ አትርሷት፤ ኋላ ትመጣብናለች።

ጎሚኒው ሲያረጅ ወይም ሲቀደድ ዘይቱ በጎኑ ሾልኮ ከፊቱ ወደ ኋላው ይመለሳል። ከዕቃው አንድ ጠብታ አይጎድልም፤ ፔዳሉ ግን ይሰምጣል። በኃይልና በድንገት ሲረገጥ ጎሚኒው ተለጥጦ ሊይዝ ይችላል፤ በእርጋታ ሲረገጥ ያመልጠዋል። ጋሼ «በእርጋታ» ያሉት ለዚህ ነው።

በዘይት የሚሠራ ፍሬን ታሪኩ ራሱ የዚህ ማሸጊያ ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ማልኮም ሎክሂድ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1917 ለዘይት ፍሬን የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በ1921 ዱዘንበርግ የተባለው መኪና አራቱንም እግሮች በዚህ ዓይነት ፍሬን የሚይዝ ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ። የመጀመሪያዎቹ ማሸጊያዎች ከቆዳ የተሠሩ ነበሩና ያንጠባጥቡ ነበር፤ ጎማው ኋላ መጣ። ለረጅም ጊዜ ማስተሩ አንድ ክፍል ብቻ ነበረው፤ አንድ ቱቦ ከተቀደደ ሁሉም ፍሬን አብሮ ይሄድ ነበር። አሜሪካ ከ1968 ጀምሮ የሚሠሩ መኪኖች ፍሬናቸው ለሁለት የተከፈለ እንዲሆን አስገደደች። ዛሬ በላንድክሩዘሯ ላይ ያሉት ሁለቱ ፒስተኖች አንዱ ለፊት እግሮች፣ አንዱ ለኋላ እግሮች የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ አንዱ ቢከዳ ሌላው ሰው ያተርፋል።

«ነገስ?» አለ ሹፌሩ።

«ነገ በዚህች መኪና ወደ ማጎ አይወረድም።»

«ጋሼ፣ እንግዶች አሉብኝ። በከባድ ማርሽ ቀስ ብዬ...»

«ቀስ ማለት የምትችለው የሚይዝ ነገር ሲኖርህ ነው። እንግዶችህን የሚወስድ ሌላ መኪና እኔ እፈልግልሃለሁ። ሂድ፣ እራትህን ብላ።»

እኔ እዚህ ላይ ጋሼን ደስ ብሎኝ አወድሳቸዋለሁ። ሹፌሩ የአንድ ቀን ገቢ አጣ፤ እንግዶቹ ምናልባት አጉረመረሙ። በደቡብ ኦሞ ወላድ ይዘው ወደ ጂንካ ሆስፒታል ከሚሮጡት አምቡላንሶች ብዙዎቹ ይህችው ላንድክሩዘር መሆናቸውን አስቡና፣ «አይወረድም» የሚል ሰው በከተማዋ መኖሩ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ፍረዱ።

ቅዳሜ ጠዋት እንግዶቹ በሌላ መኪና ወረዱ። ጋሼ አሮጌውን ማስተር ፈትተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ዘይቱ እንደ ጠላ አተላ ጠቁሯል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው፤ በዓመታት ውኃ ያጠራቅማል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ 3.7 በመቶ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉ ያለ ምንም መቃወም ወለል ይነካል። ሰዎች «ፍሬን በጠሰ» የሚሉት ሁሉ የተበጠሰ ነገር አለው ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ በቁልቁለት መሐል የፈላ ዘይት ነው። ከአደጋው በኋላ መኪናው ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመልሶ ይጠነክራል፤ ሹፌሩን የሚያምነው አያገኝም።

ጋሼ ፒስተኖቹን አወጡ። የፊተኛው ጎሚኒ ከንፈሩ ተቀዷል። ትንሿን ጣታቸውን ወደ ሲሊንደሩ ሰደዱና በጥፍራቸው ዳበሱት። ከዚያ ለማጁን ልጅ ጠሩት።

«ና፣ አንተም ዳብስ። ምን አገኘህ?»

«ይሻክራል፣ ጋሼ። ወደ ውስጥ ሲገባ።»

«እዚያ ድረስ ፒስተኑ በደህና ቀን አይደርስም። ውኃው ተቀምጦ ዝገት በልቶታል።» ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «በቅርብ ጊዜ ፍሬኑን አየር ያስወጣልህ ሰው ነበር?»

ነበር። ከወር በፊት፣ በሌላ ከተማ፣ የፍሬን ሸራ ሲቀየር። አንድ ልጅ ፔዳሉ ላይ ተቀምጦ እስከ ወለሉ ድረስ ደጋግሞ ረግጦታል። በየቀኑ ሥራ ፒስተኑ የሲሊንደሩን ከፊል ብቻ ነው የሚመላለሰው፤ ያ ክፍል የተወለወለ ነው። የቀረው ዝገት ይዞ ይቀመጣል። ፔዳሉ እስከ ወለል ሲረገጥ ጎሚኒው ያን ሻካራ ቦታ እንዲያልፍ ይገደዳል፤ ይቀደዳል። ጥገናው ራሱ ጉዳቱን አመጣው። መከላከያው ቀላል ነው፤ ከፔዳሉ ሥር እስከ ወለሉ እንዳይወርድ የሚያደርግ ቁራጭ እንጨት ማኖር። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከትረካዬ ይዞ የሚሄድ መካኒክ ቢኖር ደክሜ አልቀረሁም።

ጂንካ ውስጥ ጎሚኒ ተፈልጎ ተገኘ፤ ሙሉ ማስተር ግን አልተገኘም። ሹፌሩ ተስፋ አደረገ። «ጎሚኒውን ብቻ ቀይረን ዛሬውኑ ብንጨርስስ?» ይህ ጥያቄ ሞኝነት አይደለም፤ ሲሊንደሩ ለስላሳ ቢሆን ኖሮ ጎሚኒ መቀየር የታወቀ ትክክለኛ ጥገና ነው። በተበላ ሲሊንደር ላይ አዲስ ጎሚኒ ማስገባት ግን ቀን መግዛት ብቻ ነው፤ የተገዛው ቀን የት ላይ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ስለዚህ ስልክ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሶማሌ ተራ። ሶማሌ ተራን የማያውቅ የመኪና ሰው የለም፤ ከቡሎን እስከ ሞተር የሚገኝበት የመለዋወጫ መንደር ነው። ችግሩ ዕቃው አለመገኘቱ ሳይሆን ብዙ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ ነው። ኦሪጅናል የተባለ አለ፣ ኦሪጅናል የሚመስል አለ፣ ካርቶኑ ብቻ ኦሪጅናል የሆነ አለ። ወንበር ወይም መስታወት ፎርጅድ ቢሆን ገንዘብ ነው የሚጎዳው። የፍሬን ዕቃ ፎርጅድ አድርጎ የሚሸጥ ሰው ግን በማያውቃቸው ልጆች ሕይወት ነው የሚነግደው፤ ይህን ለስለስ አድርጌ የምናገርበት ምክንያት አይታየኝም። ጋሼ የሻንሲ ቁጥሩን ላኩ፤ የአሮጌውን ማስተር ፎቶ ከጎን፣ ከኋላ፣ ከአፉ አንስተው ላኩ፤ የቱቦ መግቢያዎቹን አቅጣጫ በጣታቸው እያሳዩ አስነሱ። ዕቃው በአውቶቡስ ተጫነ። በአርባ ምንጭ አድሮ፣ ኮንሶን አልፎ፣ በሁለተኛው ቀን ጂንካ ገባ።

ካርቶኑ ሲከፈት ማንም ወደ መኪናዋ አልሮጠም። አዲሱና አሮጌው ጎን ለጎን ተቀመጡ። የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ርቀት ገጠመ። የቱቦዎቹ ጥርስ ገጠመ፤ ጋሼ በመኪናዋ ላይ ያለውን የቱቦ ዳዶ በጣታቸው ብቻ አስገብተው ሞከሩት። በመጨረሻ አዲሱን አገላብጠው ከኋላ በኩል የፒስተኑን ጉድጓድ ጥልቀት በካሊፐር ለኩ፤ የአሮጌውንም ለኩ። የአዲሱ ጉድጓድ በጥቂቱ ጎደለ።

«አየህ?» አሉት ለማጁን። «ልዩነቷ ከወረቀት ብዙም አትወፍርም። መኪና ታቆማለች።»

ቀዳዳዋን አስታወሳችኋት? ከሰርቮው የሚወጣው ዘንግ ከሚገባው በላይ ከረዘመ፣ ሹፌሩ እግሩን ቢያነሳም ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ቀዳዳዋ እንደተደፈነች ትቀራለች፤ ዘይቱ መመለሻ ያጣል። ሸራው ዲስኩን እንደነካ ይሄዳል፣ ይግላል፣ የጋለው ዘይት ያብጣል፣ ያበጠው ዘይት የባሰ ይገፋል፤ መኪናዋ ማንም ሳይረግጣት ራሷን ታስራለች። ዘንጉ ካጠረ ደግሞ ፔዳሉ በከንቱ ብዙ ይወርዳል። ጋሼ በዘንጉ ጫፍ ያለችውን ማስተካከያ በጥቂቱ አዙረው ለኩ፤ እንደገና አዙረው ለኩ። ሹፌሩ ሰዓቱን ያያል፤ እሳቸው ካሊፐሩን ያያሉ።

ቀጥሎ አዲሱ ማስተር ሞርሳ ላይ ታሰረ፤ የታሰረው በጆሮው እንጂ በሲሊንደሩ አይደለም፤ ሲሊንደሩ በሞርሳ ከተጨመቀ ይጣመማል። ከሁለቱ መውጫዎች አጫጭር የላስቲክ ቱቦዎች ተገጥመው ጫፋቸው ተመልሶ ወደ ራሱ የዘይት ዕቃ ተደረገ፤ ዕቃው በአዲስ ዶት 4 ተሞላ። ከዚያ ለማጁ ደንደስ ባለው ካቻቢቴ ፒስተኑን ገፋ፤ ቀስ ብሎ ለቀቀ፤ ገፋ፤ ለቀቀ። አረፋ ተንደቀደቀ። ሲያንስ ልጁ ያበቃ መሰለውና ቀና አለ።

«ቀጥል» አሉ ጋሼ። «ዓይንህ አረፋ እስኪያጣ ድረስ።»

ደረቅ ማስተር መኪና ላይ ገጥሞ አየሩን በእግሮቹ በኩል አስወጣለሁ ማለት ይቻላል፤ ብዙዎች ያደርጉታል። ግን በማስተሩ ውስጥ የታቆረ አየር እስከ ኋላ እግር ያለውን ረጅም መንገድ ለመሄድ ያስቸግራል፤ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይቀራል፤ ሰው ደግሞ አዲሱ ዕቃ ፎርጅድ ነው ብሎ ነጋዴውን ይራገማል። በሞርሳው ላይ የሚጠፋው ጥቂት ጊዜ ያን ሁሉ ያስቀራል።

አሁን መግጠም። የሰርቮው አፍ በደረቅ ጨርቅ ተጠረገ። በማስተሩና በሰርቮው መካከል የምትገባው ክብ ላስቲክ አዲስ ሆነች። እሷ ከሳሳች ሰርቮው አየር ይስባል፤ ይህች መኪና ናፍጣ ናትና ለሰርቮው የሚያስፈልገው የአየር ባዶነት ከዲናሞው ጀርባ ካለ ፓምፕ ነው የሚመጣው፤ ትንሽ ቀዳዳ ብዙ ኃይል ይበላል። ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ይህንንም ፓምፕ አብሮ ማጥፋቱን ይወቅ፤ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንበታል።

የቱቦ ዳዶዎቹ በጣት ተጀመሩ። ይህ የጋሼ የማይሻር ሕግ ነው፤ ሁሉም ዳዶ በጣት ገብቶ ጥርሱን ካገኘ በኋላ ነው 10 ቁልፍ የሚነካው። ማስተሩ ገና ላላ ብሎ ሲንቀሳቀስ ቱቦው ቦታውን ያገኛል፤ ከዚያ የሰርቮው ዳዶዎች በ12 ቁልፍ ይጠብቃሉ፤ መጨረሻ ላይ ቱቦዎቹ። ጥርሱ የተጣመመ ዳዶ በጉልበት ቢዞር የአዲሱ ማስተር አፍ ይበላሻል፤ ሌላ አውቶቡስ፣ ሌላ ሁለት ቀን። በቀለሙ ላይ የተንጠባጠበውን ዘይት ለማጁ ወዲያው በውኃ አጠበ፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ዓይን ውስጥ ከገባም ክፉኛ ይጎዳል። በቤንዚን የረጠበ ጨርቅ ወደዚያ አካባቢ እንዲቀርብ አልተፈቀደም፤ ነዳጅና የሞተር ዘይት የፍሬን ጎሚኒን ያሳብጡታል።

ከዚያ እንጨቱ ከፔዳሉ ሥር ገባ፤ ሹፌሩ ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ጋሼ ከኋላ ቀኝ እግር ሥር ተጋደሙ፤ ከማስተሩ ሩቁ እሱ ነውና። ለማጁ የዘይቱን ዕቃ ይጠብቃል።

«ርገጥ!»

«ረግጫለሁ!»

«ያዝ!»

የመተንፈሻዋ ቡሎን ተከፈተች፤ ጥቁር ዘይት ከአረፋ ጋር ወደ ጠርሙሱ ወረደ፤ ተዘጋች።

«ልቀቅ! ... ርገጥ!»

ቅደም ተከተሉ የማይዛነፍ ነው፤ ቡሎኗ ሳትዘጋ ፔዳሉ ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት ካለቀ ደግሞ የሞርሳው ልፋት ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ለዚህ ነው ልጁ ከዕቃው ዓይኑን እንዳያነሳ የታዘዘው። ጥቁሩ ዘይት ቡናማ ሆነ፤ ቡናማው እንደ ማር ጠራ። ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ። በመጨረሻም ከኋላ አክስል አጠገብ፣ የጭነቱን ክብደት እያየ ለኋላ እግሮች የሚሄደውን ግፊት የሚመጥነው ቫልቭ ተተነፈሰ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። የወጣው አሮጌ ዘይት ወደ ዕቃው አይመለስም።

ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ረገጠ፤ በእርጋታ፣ ዓርብ ማታ እንደረገጠው። ጋሼ መስኮቱን ተደግፈው ቆሙ። ፔዳሉ ወረደ፣ ያዘ፣ ቆመ። ደቂቃ አለፈ፤ አልሰመጠም። ሹፌሩ ፈገግ አለ፤ ጋሼ ግን ገና ነበሩ። አንዱን የፊት እግር በክሪክ አስነሱና ፍሬኑን ደጋግሞ አስረግጠው፣ አስለቅቀው፣ ጎማውን በእጃቸው አዞሩት። በነፃ ዞረ። ዘንጉ ልክ ነው፤ ቀዳዳዋ ተከፍታለች።

ወደ ውጭ ሲወጡም መጀመሪያ በጋራዡ ግቢ፣ በእግር መሄጃ ፍጥነት፤ ከዚያ በከተማው ደልዳላ መንገድ፤ ከዚያ ብቻ ወደ ማጎ በሚወስደው መንገድ ላይ እስከ መጀመሪያዎቹ ቁልቁለቶች ወርደው ተመለሱ። ጋሼ ጎን ወንበር ላይ ነበሩ። ከባድ ማርሽ አስገቡት፤ ረግጦ አስቀንሶ ለቅቆ እንዲያሳርፍ እንጂ እግሩን ጭኖ እንዳይወርድ አሳሰቡት። ሲመለሱ አራቱን እግሮች በእጃቸው መዳፍ ቀርበው ሙቀታቸውን አመዛዘኑ፤ ግራና ቀኙ እኩል ነበር።

ኮፈኑ እንደገና ተከፈተ። ጋሼ በቱቦዎቹ ዳዶ ሥር ነጭ ሶፍት አዞሩ። የኋለኛው ዳዶ ላይ ሶፍቱ በጥቂቱ ረጠበ። 10 ቁልፍ አምጥተው በትንሹ አጠበቁት፤ ጠረጉት፤ ሹፌሩን አሥር ጊዜ አስረግጠው ሌላ ሶፍት አዞሩ። ደረቅ ወጣ። ለማጁ በዘይቱ ዕቃ ክዳን ላይ ፕላስተር ለጥፎ ዘይቱ ዶት 4 መሆኑንና የተቀየረበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፈ።

«ከሁለት ዓመት አታሳልፈው» አሉ ጋሼ። «እንግዶችህ የት ናቸው አሁን?»

«ቱርሚ ናቸው፣ ጋሼ። በቀይ አፈርና በዲመካ አድርጌ ልደርስባቸው ነው።»

«ዲመካ ስትደርስ ኮፈኑን ክፈትና ያን ዳዶ በሶፍት ንካልኝ። ከረጠበ ቁልፍ አትንካው፤ ደውልልኝ።»

ሹፌሩ ሂሳቡን ከፈለ፤ አሮጌውን ማስተር ለማጁ ለመማሪያ ፈለገውና ጋሼ ሰጡት። ላንድክሩዘሯ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ወጣች።